የእንጨት ነጋዴው የጡብ ቤት

በሴንት ፖል ከተማ፣ በሰሚት አቨኑ፣ ቁጥር 1006 ላይ ያለው ቤት ከመንገዱ ገባ ብሎ ከብረት አጥር ጀርባ ቆሟል። ግድግዳው ጠቆር ያለ ቀይ ጡብ ነው። መስኮቶቹና በሩ ነጣ ባለ ድንጋይ ተከበዋል፤ ጣሪያው ሹል፣ የጭስ ማውጫዎቹም ረጃጅም ናቸው። የእንግሊዝ ነገሥታትን ፊልም ያየ ሰው ከበሩ ላይ አንዲት ባለ ረጅም ቀሚስ ወይዘሮ ብቅ ትላለች ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ቤቱ ግን ተሠርቶ ያለቀው በ1912 ነው። ዛሬ የሚኒሶታ ግዛት አገረ ገዥ ይፋዊ መኖሪያ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያሠራው ሆራስ ሂልስ አይርቪን ይባላል። ሥራው የእንጨት ንግድ ነበር፤ ሀብቱ የመጣው ከሰሜኑ የጥድ ደን ነው። ይህ ሰው ቤተሰቡን ለዘለቄታው የሚያኖርበት ቤት ለመሥራት ሲነሳ የመረጠው ጡብ ነበር።

ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የዘመኑን ሁኔታ ላየ ግን አይገርምም። በሚኒሶታ ነጭ ጥድ እየተቆረጠ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ሚኒያፖሊስ መጋዝ ቤቶች ሲወርድ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከተማዋ ከዓለም ትልልቅ የጣውላ ገበያዎች አንዷ ነበረች። የደኑ ማለቅ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበር። እዚያው ሰሚት አቨኑ ላይ ይኖር የነበረው የእንጨት ንግድ ቱጃር ፍሬድሪክ ዋየርሃውዘር በ1900 ከባቡር ኩባንያ ጋር ተዋውሎ በዋሽንግተን ግዛት 900,000 ኤከር ደን በኤከር 6 ዶላር ሲገዛ፣ ዓይኑን ከሚኒሶታ ጥድ ላይ ማንሳቱ ነበር። በ1920 አካባቢ የሚኒያፖሊስ ትልልቅ መጋዝ ቤቶች ታሪክ ሆኑ። የእሳት አደጋም በአካባቢው አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1894 ሂንክሊ በምትባል ከተማ የተነሳ የደን ቃጠሎ ከ400 በላይ ሰው ፈጅቷል።

የአይርቪን ቤት መልኩን የተዋሰባት እንግሊዝም በጡብ መሥራት የለመደችው ደኗ እየሳሳ በሄደበት ዘመን ነው።

ጡብን ወደ እንግሊዝ ያስገቡት ሮማውያን ናቸው። እነሱ ከለቀቁ በኋላ ሙያው ለብዙ መቶ ዓመታት ተረሳ። ተመልሶ ያንሰራራው በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ጥሩ የግንባታ ድንጋይ የለም፣ ሸክላ አፈር ግን ሞልቷል፣ ባሕሩን ተሻግሮ ደግሞ ጡብ የሚያውቁት የፍላንደርስና የሆላንድ ሰዎች ነበሩ። በሰፎክ ያለው የሊትል ዌንሃም ቤት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በጡብ ተገነባ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጡብ የባለሥልጣን መኩሪያ ሆነ፤ የንጉሡ ግምጃ ቤት ሹም ራልፍ ክሮምዌል በታተርሻል ያቆመው ግንብ ምስክር ነው። ከ1515 ጀምሮ ደግሞ ካርዲናል ዎልዚ ሃምፕተን ኮርትን አስገነባ፤ ቤተ መንግሥቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ሄንሪ ስምንተኛ እጅ ገባ። ከ1485 እስከ 1603 የነገሡት የሄንሪ ቤተሰቦች ቱዶር ይባላሉ። የቤቱ ስልት ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ጡብ አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጥበብ አለበት። ጭቃው በመጸው ይቆፈርና ክረምቱን ውጭ ያድራል፤ ውርጩ ይሰባብረዋል፣ ያለሰልሰዋል። በጸደይ በእንጨት ቅርጽ ይመታል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ይቃጠላል። ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ ሆኖ ትንሽ ትርፍ ይጨመርበታል፤ ትርፉ ጡቦቹን የሚያያይዘው ማልታ የሚገባበት ክፍተት ነው። ስፋቱ የግንበኛው መዳፍ ከሚይዘው አይበልጥም፣ ሌላው እጁ የግንበኛ ማንኪያ ይዟልና። ይህ ልክ በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ብዙም አልተለወጠም።

ጡቡ እንዴት እንደሚደረደር ማወቅ ደግሞ ቤቱን ማንበብ ነው። የጥንቱ የእንግሊዝ ግድግዳ ጠንካራና ወፍራም ነበር፤ ፊቱና ጀርባው እንዳይላቀቁ አንዳንዱ ጡብ ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ማሰር ነበረበት። ወደ ውስጥ የገባው ጡብ ከውጭ የሚታየው በአጭር ጫፉ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አደራደር አንዱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ረጅም ጎን፣ ቀጣዩ ረድፍ ሙሉ በሙሉ አጭር ጫፍ ይሆናል። በፍላንደርስ አደራደር ደግሞ በአንዱ ረድፍ ውስጥ ረጅምና አጭር ይፈራረቃሉ። በ1631 የተሠራው የኪው ቤተ መንግሥት ለሁለተኛው ጥሩ ማሳያ ነው፤ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆሩ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ መሆኑ ነው።

በእቶኑ ውስጥ በእሳቱ አጠገብ ያደሩት ጡቦች ከመጠን በላይ ተቃጥለው ጠቆር፣ ሰማያዊ ብልጭ ይላሉ። በስሌት ከሄድን ብልሽት ናቸው። የቱዶር ግንበኞች ግን አጭር ጫፋቸውን ወደ ውጭ እያዞሩ በቀዩ ግድግዳ ላይ ትልልቅ የአልማዝ ቅርጾችን ሣሉባቸው። ይህን ብልሽት የመውደድ ነገር እንደገና የምናገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ነው፤ ያበጡና የተጣመሙ ጡቦችን ሆን ብለው እየመረጡ በቤታቸው ፊት የደረደሩ አሠሪዎች ነበሩ። ድሮ ከእቶን ወጥቶ የሚጣለው ነገር፣ አሮጌ መስሎ ለመታየት ለሚሻ ሰው ዋጋ አወጣ።

በቱዶር ቤት ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የጭስ ማውጫው ነው። ዊልያም ሃሪሰን የተባለ የኤሴክስ ቄስ በ1577 ባሳተመው የእንግሊዝ ገለጻ ውስጥ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ካዩት ለውጥ ሁሉ ካስደነቋቸው ነገሮች አንዱ የጭስ ማውጫ መብዛት እንደሆነ ጽፏል። ከዚያ በፊት እሳቱ የሚነደው በአዳራሹ መሃል ነበር። ጭሱም ጎጆ ውስጥ ያደገ የአገራችን ሰው እንደሚያውቀው፣ በጣሪያው እየተንፏቀቀ መውጫ ይፈልግ ነበር። ማገዶው እየተወደደ ሲሄድ በተለይ የከተማ ሰው ወደ ድንጋይ ከሰል ዞረ። የከሰል ጭስ ዓይን ይልጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ የግድ በተከደነ ቧንቧ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። እሳትንም የሚችለው ጡብ ነው። ጭሱ በግድግዳ በኩል ከወጣ በኋላ አዳራሹ ላይ ኮርኒስ መምታት፣ ከላይ መኝታ ቤት መጨመር ተቻለ። የዛሬው ባለ ፎቅ ቤት ከዚህ የጭስ መንገድ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው።

መስታወቱም የራሱ ታሪክ አለው። የዘመኑ መስታወት በአፍ እየተነፋ የሚሠራ ስለነበር ትልቅ ገበታ አይወጣውም፤ ትንንሾቹ ቁርጥራጮች በእርሳስ ቀጫጭን ዘንጎች እየተያያዙ በድንጋይ ክፍልፋዮች ውስጥ ይገባሉ። ዋጋውም ውድ ነበር። በ1590ዎቹ በደርቢሺር የቆመው ሃርድዊክ ሆል በመስታወት የተሞላው ባለቤቲቱ ገንዘቧን ለማሳየት ስለፈለገች ጭምር ነው።

እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝ የተወለዱት ከችግር፣ ከዋጋና ከቁሳቁስ ነበር። በሴንት ፖል ግን ምርጫ ሆነው መጡ። በ1912 ሰፋፊ መስታወት ከፋብሪካ ይገዛል፣ ቤት የሚሞቀው በምድር ቤት ካለ ቦይለር ነው፣ መብራቱ ኤሌክትሪክ ነው። የእሳት ምድጃ አንድም ቀን ባይነድ ማንም በብርድ አይሞትም ነበር።

በመሃሉ የተከሰተው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በ1860ዎቹና በ70ዎቹ ሪቻርድ ኖርማን ሾው የተባለ አርክቴክት በፋብሪካ ጭስ የተሰላቹ የእንግሊዝ ሀብታሞችን ወደ ቱዶር ዘመን የገጠር ቤት መለሳቸው። ንድፎቹ በመጽሔት ታትመው አሜሪካ ደረሱ። ሄንሪ ሆብሰን ሪቻርድሰን በሮድ አይላንድ፣ ኒውፖርት ውስጥ በ1870ዎቹ አጋማሽ የሠራው የዋትስ ሸርማን ቤት የዚያ ንባብ ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ ስልቱ ወደ ምዕራብ ተጓዘ።

የአይርቪንን ቤት የነደፈው ዊልያም ቻኒንግ ዊትኒ የማሳቹሴትስ ተወላጅ ሲሆን በሚኒያፖሊስ የሀብታሞች አርክቴክት ሆኖ የታወቀ ነው። በ1893 በተካሄደው የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሚኒሶታን አዳራሽ የነደፈውም እሱ ነው። የዊትኒ ልብ ወደ ሥርዓትና ሚዛን ያደላል፤ በአይርቪን ቤት ላይም ይታያል። እውነተኛው የቱዶር ቤት ብዙ ጊዜ በየትውልዱ የተቀጣጠለ፣ አንዱ ክንፍ ረዝሞ ሌላው ያጠረ ነው። ይህኛው ግን በመሃል በሩን፣ በግራና በቀኝ ወደ ፊት የወጡ ሁለት ክንፎቹን ይዞ እንደ ተለካ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልብሱ የእንግሊዝ ነው፤ አቋሙ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ። 20 ክፍሎች አሉት፤ ወጪው 50,000 ዶላር ገደማ እንደነበረ ይነገራል።

በዚያው ጎዳና ላይ ቁጥር 240 ካለው የጄምስ ጄ. ሂል ቤት ጋር ማወዳደር ነው ልዩነቱን የሚያሳየው። የባቡር ሀዲድ ባለቤት የነበረው ሂል በ1891 የገባበት ቤት 36,000 ካሬ ጫማ ስፋት፣ 22 የእሳት ምድጃዎችና 13 መታጠቢያ ክፍሎች አሉት። ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ከነ ሻካራነቱ ተደራርቦ ምሽግ አስመስሎታል። የአይርቪን ቤት ከዚያ ከግማሽ ያንሳል። ሂል በገዛ እጁ የከበረ ሰው ስለነበር ቤቱ ጉልበቱን ይናገራል። አይርቪን የአባቱን ንግድ የወረሰ ነው፤ ጡቡና ሹሉ ጣሪያ ደግሞ ቤተሰቡ ከጥንትም ያለ የባላባት ዘር ነው ብሎ ለአላፊ አግዳሚው የሚያስመሰክር ይመስላል። ይህ የሰነድ ማስረጃ ያለው ነገር አይደለም፤ ግን ሁለቱን ቤቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ ያየ ሰው ወደዚያ መደምደሚያ ቢሄድ አያስገርምም።

ሚኒያፖሊስም ከዚህ አልቀረችም። በ1912 በዱቄት ፋብሪካ የታወቀው የፒልስበሪ ቤተሰብ አባል ቻርልስ ፒልስበሪ በ22ኛው መንገድ አጠገብ የእንግሊዝ መልክ ያለው ቤት አስገነባ። ያኛው ድንጋይ ነው፤ ውስጡን ያስጌጡት የእንጨት ሥራዎች ግን ከእንግሊዝ በመርከብ የመጡ ናቸው። በኋላ ለብዙ ዓመታት የዓይነ ስውራን ማሠልጠኛ ሆኗል። ከውጭ በመታየት የሚኩራራ ቤት በመዳሰስ ለሚያውቁት ሰዎች መማሪያ መሆኑ ለቤቱም ሳይበጀው አልቀረም።

የአይርቪን ቤት ወደ ሕዝብ እጅ የገባው በ1965 ነው። ሁለት የሆራስ ልጆች ክሎቲልድ አይርቪን ሞልስና ኦሊቪያ አይርቪን ዶጅ ለግዛቱ አበረከቱት። ከዚያ ወዲህ ጡቡ የፖለቲካም ግድግዳ ሆኗል። በ2002 አገረ ገዥ ጄሲ ቬንቱራ ከምክር ቤቱ ጋር በበጀት ተጣልተው ቤቱን ዘጉት። በ2016 ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ሰው በፖሊስ ጥይት ሲገደል ተቃዋሚዎች የተሰበሰቡት ከዚሁ አጥር ፊት ነበር። በ2023 ትልቅ እድሳት ሲጀመር አገረ ገዥ ቲም ዎልዝና ቤተሰባቸው ወደ ኢስትክሊፍ ሄዱ። ኢስትክሊፍ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያሠራው ኤድዋርድ ብሩክስ ሌላ የእንጨት ነጋዴ ነበር። እሱ ግን ቤቱን ነጭ ቀለም በተቀባ ጣውላ ነው ያለበሰው። የአንዱ ጡብ ሲታደስ የሌላው ጣውላ እንግዳ ተቀበለ ማለት ነው።

አሮጌ የጡብ ቤት ለምን እድሳት ይሻል? በዚህ አገር የመጀመሪያው መልስ ብርዱ ነው። በጥር 1888 በአካባቢው የተመዘገበው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 41 ፋራናይት ነበር፤ በሴልሺየስም ከዜሮ በታች 40 ግድም ማለት ነው። መንትያ ከተሞች በሚባሉት በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ የቤት መሠረት ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች እንዲቆፈር የሚታዘዘው መሬቱ ሲበርድ አብጦ ቤቱን እንዳያነሳ ነው። ለግድግዳው ግን ከጥልቅ ብርድ ይልቅ የሚብሰው መዋዠቁ ነው። ቀን የቀለጠው በረዶ በጡቡ ቀዳዳ ገብቶ ሌሊት ሲረጋ መጠኑ በ9 ከመቶ ያህል ይጨምራል። በመጋቢት ወር ይህ በየቀኑ ሊደጋገም ይችላል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው የጭስ ማውጫው ነው፤ አራቱም ጎኖቹ ለነፋስ የተጋለጡ ናቸውና።

እዚህ ላይ ማልታው ወሳኝ ይሆናል። የጥንቱ ማልታ ኖራና አሸዋ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የገባውንም እርጥበት በራሱ በኩል ያስወጣል። ሲያረጅ የሚረግፈው እሱ ነው፤ ጡቡ ይተርፋል፣ ማልታው ተፍቆ በአዲስ ይሞላል። ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 በሊድስ ፖርትላንድ ሲሚንቶ የተባለውን ካስመዘገበ በኋላ ግን ዓለም ጠንካራ ነገር ሁሉ የተሻለ ነው ወደሚል እምነት ገባ። አሮጌና ለስላሳ ጡብ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሲታሰር እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ በጡቡ ውስጥ ይረጋል፤ የጡቡም ፊት ተላጦ ይወድቃል። ማልታው እንዳማረበት ይቀራል፣ ጡቡ ያልቃል።

ይህን ጎንደርም በራሷ ላይ አይታዋለች። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የፋሲል ግቢን ሕንፃዎች ሲጠግኑ ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቀሙ። ከጊዜ በኋላ በተደረገው እድሳት ያ ተነቅሎ የጥንቱ ኖራ ተመለሰ። ሚሲሲፒ ዳርና ጎንደር ያሉ ግንበኞች የአየር ጠባያቸው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም የሚጣሉት ከአንድ ስህተት ጋር ነው።

የጡቡን ቀለም በተመለከተ ሚኒሶታ ሁለት መልክ አላት። ከሚኒያፖሊስ ደቡብ ምዕራብ ያለችው ቻስካ የምትሠራው ጡብ እንደ ክሬም የነጣ ነበር፤ ሸክላው ውስጥ ኖራ በዝቷል። ብረት የበዛበት ሸክላ ደግሞ በእሳት ይቀላል። ከሴንት ፖል መሃል ወንዙን ተሻግሮ ባለው ሊሊዴል፣ ትዊን ሲቲ ብሪክ የተባለ ኩባንያ ከ1894 ጀምሮ ገደሉን እየናደ ለብዙ አስርት ዓመታት ጡብ አቃጥሏል። የእቶኖቹ ፍርስራሽ ዛሬም በሊሊዴል ፓርክ ጫካ ውስጥ አለ።

ከአይርቪን ቤት ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሰሚት አቨኑ ስኔሊንግ አቨኑን ያቋርጣል። እዚያ ጥግ ላይ ኮፊ አናን የተማሩበት ማካሌስተር ኮሌጅ አለ፤ በስኔሊንግ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ደግሞ እንጀራ የሚሸጥባቸው ቤቶች ይመጣሉ። በሌላ በኩል፣ ወደ ደቡብ፣ በሃይላንድ ፓርክ፣ ወንዙንም ተሻግሮ በደቡብ ሚኒያፖሊስ፣ የአይርቪን ቤት ትንንሽ ዘመዶች በየመንገዱ ቆመዋል። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የተሠሩ፣ አንድ ሹል ጣሪያ ወደ መንገዱ የወረደባቸው፣ በራቸው ከላይ ክብ የሆነ፣ የጭስ ማውጫቸው ፊት ለፊት የተተከለ ቤቶች ናቸው። የሻጭ ማስታወቂያ ሁሉንም ቱዶር ይላቸዋል።

ብዙዎቹ ግን የጡብ ቤት አይደሉም። ግድግዳውን የተሸከመው የእንጨት አጽም ነው፤ ጡቡ በውጭ በኩል በአንድ ረድፍ ብቻ የቆመ ልባስ ሲሆን በትንንሽ ብረቶች ከእንጨቱ ጋር ተይዟል። ይህ ዘዴ ነው በሀብታም መንደር የነበረውን መልክ ለመምህሩና ለሱቅ ነጋዴው ያደረሰው። ለመለየት ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ልባስ ወደ ውስጥ የሚያስረው ሌላ ግድግዳ ስለሌለው ብዙውን ጊዜ አጭር ጫፍ አይታይበትም፤ ረድፉ ሁሉ ረጅም ጎን ነው። አንዳንድ ጥንቁቅ ግንበኛ ጡቡን ለሁለት ቆርሶ አጭር ጫፍ እያስመሰለ ስለሚደረድር ይህ ምልክት ብቻውን አያስተማምንም። በመስኮቱ ጥልቀት ላይም ማየት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ መስኮቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ልባስ ግን ከፊቱ ብዙም አያርቀውም። ልባስ መጥፎ አይደለም፤ በጡቡና በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍተት ውሃ እንዲንጠባጠብ ይረዳል፣ ቤቱንም ከሙሉ የጡብ ግድግዳ ይልቅ ለማሞቅ ያቀላል። ግን አንድ ቤት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከፊት ለፊቱ ተነስቶ ወደ ጎንና ወደ ጓሮ ቢዞር ይሻለዋል፤ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ጡባቸው የሚታየው በመንገዱ በኩል ብቻ ነው፣ ማዕዘኑን እንደታጠፉ ልስን ወይም ጣውላ ይጀምራል።